ታብሌትን ከቤት ስቴሪዮ ጋር ስለ ማገናኘትና ስለ ድምፁ ጥራት

በአሁኑ ዘመን ብዙው ሙዚቃ ከሸክላና ከካሴት ወጥቶ በስልክና በታብሌት ውስጥ ስለሚገኝ፥ በቤቱ ደኅና አምፕሊፋየርና ስፒከር ያለው ሰው ታብሌቱን ከነዚሁ ጋር አገናኝቶ ለመስማት ይፈልጋል። ለዚህ የሚያስፈልገው ዕቃ ትንሽ ነው። ነገር ግን ገዢው ወደ ቤቱ ከሄደ በኋላ ድምፁ ሲደክም፥ ሲሻክር ወይም ሲያጉረመርም ጥፋቱን በሻጩ ላይ አድርጎ ዕቃውን መልሶ ያመጣል። ሻጩም ምክንያቱን የማያውቅ እንደሆነ ደኅናውን ዕቃ እንደ ተበላሸ ቈጥሮ ገንዘብ ይመልሳል፤ ወይም አልመልስም ብሎ ደንበኛውን ያጣል። በውጭ ምንዛሪ ተገዝቶ የመጣ ዕቃ ተመላሽ ሆኖ በመደርደሪያ ላይ ሲቀመጥ ጉዳቱ የአስመጪውም የባለሱቁም ስለሆነ፥ የነገሩን ሥር በአጭሩ መግለጽ ተገቢ ሆኖ አግኝተነዋል።

አስቀድሞ አንድ ቃል መለየት ያስፈልጋል። በገበያችን «ሪሲቨር» ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው የሳተላይት ቴሌቪዥን መቀበያውን ነው። እዚህ የምንናገርለት ግን የስቴሪዮ ሪሲቨር፥ ይኸውም ራዲዮና አምፕሊፋየር በአንድ ሣጥን ውስጥ ተጣምረው ስፒከሮችን የሚያሠሩበት መሣሪያ ነው።

ቍጥር ወደ ድምፅ ስለ መለወጡ

በታብሌት ውስጥ ያለው ሙዚቃ ድምፅ ሳይሆን ቍጥር ነው። እ.ኤ.አ. በ1982 ለገበያ የቀረበውን ሲዲ ብንወስድ፥ ድምፁ በቀኝም በግራም በኩል በሰከንድ 44,100 ጊዜ ይለካል፤ እያንዳንዱም ልክ በ16 ቢት ይጻፋል። ይህ ሲባዛ በሰከንድ 1,411,200 ቢት ይሆናል። ስፒከር ግን የሚንቀሳቀሰው በቍጥር ሳይሆን በኤሌክትሪክ ሞገድ ነው። ስለዚህ ቍጥሩን ወደ ሞገድ የሚለውጥ አንድ ትንሽ መሣሪያ በመካከል መኖር አለበት። ይህን ለዋጭ ብለን እንጠራው። የድምፁ ጥራት በብዙው የሚያያዘው ለዋጩ የት እንደሚገኝና ሞገዱ ወይም ቍጥሩ በምን መንገድ ወደ ሪሲቨሩ እንደሚደርስ ነው።

በገመድ ስለ ማገናኘት

የኢርፎን ቀዳዳ ያለው ታብሌት ለዋጩ በውስጡ ነው። ለዚህ የሚበቃው በአንድ ወገኑ 3.5 ሚሊ ሜትር ጃክ፥ በሌላው ወገኑ ቀይና ነጭ ራስ ያለው ገመድ ነው፤ ቀዩ ለቀኝ፥ ነጩ ለግራ። ባለሱቁ የጃኩን ጫፍ ይመልከት፤ ሁለት ጥቁር ቀለበት ያለው ስቴሪዮ ነው፤ አንድ ብቻ ያለው ግን ለዚህ ሥራ አይሆንም። በወርቅ የተለበጠ ራስ ከዝገት ይጠብቃል እንጂ፥ በአንድ ወይም በሁለት ሜትር ገመድ ላይ ለጆሮ የሚታወቅ የድምፅ ልዩነት አያመጣም።

ገመዱ የሚሰካው በሪሲቨሩ ጀርባ «ኦክስ»፥ «ሲዲ» ወይም «ቴፕ» ተብሎ በተጻፈው መግቢያ ነው። «ፎኖ» በሚለው መሰካት ግን ፈጽሞ አይገባም። ይህ መግቢያ የሸክላ ማጫወቻ መርፌ የሚሰጠውን ደካማ ኀይል ወደ 100 እጥፍ ያህል የሚያሳድግ፥ በሸክላው ላይ ሆን ተብሎ የተቀነሰውንም ወፍራም ድምፅ መልሶ የሚጨምር ስለሆነ፥ ታብሌት ሲሰካበት ድምፁ ተሻክሮና ደንቍሮ ይወጣል። እንደዚሁም የሲዲ ማጫወቻ እስከ 2 ቮልት ሲሰጥ ታብሌት በአብዛኛው ከዚያ ያነሰ ስለሚሰጥ፥ የታብሌቱን ቮልዩም ወደ ላይኛው ጫፍ አቅርቦ፥ ማሳነስና ማብዛቱን በሪሲቨሩ ማድረግ ይሻላል። የታብሌቱ ድምፅ አንሶ የሪሲቨሩ ከፍ ካለ፥ ከሙዚቃው ጋር የመሣሪያው ሹክሹክታ አብሮ ይጐላል።

የኢርፎን ቀዳዳ ስለሌላቸው

አስመጪው በብርቱ ሊጠነቀቅ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። አይፓድ ፕሮ እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ፥ ሌሎችም ታብሌቶች ከዚያ ወዲህ የኢርፎኑን ቀዳዳ ትተው ዩኤስቢ-ሲ ብቻ ይዘዋል። በአውሮፓ ኅብረት አገሮችም እ.ኤ.አ. ከታኅሣሥ 28 ቀን 2024 ጀምሮ በሕግ ታብሌቶች ይህንኑ ቀዳዳ እንዲይዙ ተደርጓል። ይሁን እንጂ የቀዳዳው መልክ አንድ መሆን ሥራውን አንድ አያደርገውም። አንዳንዱ ታብሌት በዚህ ቀዳዳ የተለወጠ ሞገድ ያወጣል፤ ሌላው፥ ለምሳሌ አይፓድ ፕሮ፥ ቍጥር ብቻ ያወጣል።

መቀጠያ ጃኮቹም እንደዚሁ ሁለት ዐይነት ናቸው። አንዱ ሽቦ ብቻ ነው፤ ሁለተኛው ለዋጭ በውስጡ አለው። በመልክ አይለዩም፤ ዋጋቸው ግን ይለያያል። ሽቦ ብቻ የሆነው ቍጥር በሚያወጣው ታብሌት ላይ ሲሰካ ምንም ድምፅ አይሰጥም። ስለዚህ ዋጋው ረከሰ ተብሎ ብዙ መቶ የሚታዘዘው ዕቃ በከፊል ተመላሽ ሊሆን ይችላል። በትእዛዝ ደብዳቤ ላይ «ለዋጭ በውስጡ ያለው» የሚል ቃል ማስገባት፥ ናሙናም በሁለቱም ዐይነት ታብሌት መሞከር ይገባል።

በብሉቱዝ ስለ ማገናኘት

በብሉቱዝ ጊዜ ቍጥሩ በአየር ለመተላለፍ ይጨመቃል። ኤስቢሲ የተባለው የጋራው ዘዴ በተለመደው ከፍተኛ አሠራሩ በሰከንድ ወደ 328,000 ቢት ያስተላልፋል፤ ይህም ከሲዲው ሩብ ያነሰ ነው። ኤልዳክ የተባለው የሶኒ ዘዴ እስከ 990,000 ይደርሳል። ነገር ግን ሁለቱም ወገኖች አንዱን ዘዴ ካላወቁ ግንኙነቱ ወደ ኤስቢሲ ይመለሳል። አይፓድ ኤስቢሲንና ኤኤሲን እንጂ ኤልዳክን ስለማያውቅ፥ ለአይፓድ ባለቤት «ኤልዳክ ያለው ነው» ብሎ በውድ መሸጥ ከማታለል አይለይም። ለተራ አድማጭ ብሉቱዝ ይበቃል፤ ጥራት ለሚሻው ግን ገመዱን ማሳየት ይገባል።

ስለ ጕርምርምታና ስለ ቮልቴጅ

ታብሌቱ ከቻርጀር ጋር ሳለ የሚሰማው ጕርምርምታ ብዙውን ጊዜ ከኤሌክትሪኩ መሥመር የሚመጣ ነው። ቻርጀሩ ሲነቀል ድምፁ ከጠፋ ዕቃው ደኅና ነው። መድኀኒቱም በባትሪ መስማት፥ ወይም በገመዱ መካከል የሚገባ አነስተኛ ትራንስፎርመር ያለው መለያ መጠቀም ነው። የሶኬቱን የመሬት እግር መቍረጥ ግን ለሕይወት አደገኛ ነው።

በመጨረሻም፥ ለአሜሪካ ገበያ የተሠራ ሪሲቨር ብዙውን ጊዜ ለ120 ቮልት ብቻ የተዘጋጀ ነው። የአገራችን መሥመር 220 ቮልት ስለሆነ፥ ከዚያ የሚመጣ ዕቃ በጀርባው ከተጻፈው ዋት የበለጠ አቅም ካለው ትራንስፎርመር ጋር ካልተሸጠ በመጀመሪያው ቀን ሊቃጠል ይችላል።

እንግዲህ ባለሱቁ ለገዢው ሦስት ጥያቄ ያቅርብ፤ ታብሌቱ የኢርፎን ቀዳዳ አለውን? ሪሲቨሩ «ኦክስ» አለውን? የሚሠራውስ በስንት ቮልት ነው? የእነዚህ መልስ ከታወቀ በኋላ የሚሸጥ ዕቃ ተመልሶ የሚመጣበት ምክንያት እጅግ ጥቂት ነው። ገዢውም በቤቱ የጠራ ድምፅ የሰማ እንደሆነ፥ ሌላ ጊዜ የሚመጣው ወደዚያው ሱቅ ነው።