«ዲ ላይ አስቀምጬዋለሁ» ባክአፕ አይደለም

ጊደር መጋላ ላይ ለብዙ ዓመት ቅመም የሸጡ አንዲት የጅጉል እናት አንድ ቀን ቁጭ አድርገው አወጉን። ገበያው በልጅነታቸው ምን ይመስል እንደነበር፣ ማን ምን ይዞ ይመጣ እንደነበር፣ 41 ደቂቃ። በስልክ ቀዳነው፣ ቤት ያለው ዴስክቶፕ ላይ ገለበጥነው፣ ስልኩ ሞልቶ ስለነበር ደግሞ ከስልኩ አጠፋነው። (አዎ፣ እናውቃለን።)

ከወራት በኋላ መብራት ሄድ መጣ ሲል ኮምፒውተሩ አልነሳ አለ። ጥገና ቤት ወሰድነው። ልጁ «ፎርማት ላድርገው?» ሲለን በልበ ሙሉነት «አድርገው፣ ፋይሎቹ ዲ ላይ ናቸው» አልነው። ኮምፒውተሩ ሲመለስ ዊንዶውሱ አዲስ፣ ዲ ደግሞ ባዶ ነው። ሃርድ ዲስኩን እንዳለ አጥፍቶ እንደ አዲስ ከፋፍሎታል። ተናደናል፤ ግን ጥፋቱ የእሱ ብቻ አይደለም።

ብዙዎቻችን ሲ እና ዲ ሁለት የተለያዩ ዕቃዎች ይመስሉናል። አብዛኛውን ጊዜ አይደሉም። አንድ ሃርድ ዲስክ ነው፣ ልክ አንድን ክፍል በመጋረጃ ለሁለት እንደመክፈል። ቤቱ ከተቃጠለ መጋረጃው ምንም አያድንም። ዲስኩ ከተበላሸ፣ ከተሰረቀ ወይም ቫይረስ ከቆለፈው ሲም ዲም አብረው ይሄዳሉ።

ባክአፕ ማለት ሌላ ዕቃ ላይ ያለ ሌላ ቅጂ ነው። የተለመደው መመሪያ ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ፣ አንዱ ከቤት ውጭ ይላል። ይሄ የፈረንጅ ቅንጦት እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1973 በአገራችን የተጀመረው የብራና መጻሕፍት ማይክሮፊልም ፕሮጀክት በየገዳሙና በየቤተ ክርስቲያኑ ያሉ ጽሑፎችን ፎቶ እያነሳ አንዱን ፊልም አዲስ አበባ፣ ሌላውን አሜሪካ ሚኒሶታ ያስቀምጥ ነበር። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ለዓመታት ካታሎግ ያደረጉት እዚያ ሚኒሶታ ያለውን ቅጂ ነው። ብራናው ቢጠፋ ፊልም አለ፣ አንዱ ፊልም ቢጠፋ ሌላው አለ።

ወደ እኛ ቤት እንመለስ። ሁለት ዓይነት ባክአፕ አለ። አንደኛው የፋይል ነው፦ ፎቶ፣ ድምፅ፣ የትምህርት ጽሑፍ ውጫዊ ሃርድ ዲስክ ላይ መገልበጥ። ዊንዶውስ ውስጥ ኮንትሮል ፓነል ገብታችሁ «ፋይል ሂስትሪ»ን ብታበሩት ዲስኩ በተሰካ ቁጥር ራሱ ይገለብጥላችኋል። ሁለተኛው የሙሉ ኮምፒውተሩ ነው፣ ሲስተም ኢሜጅ ይባላል። ዊንዶውሱን፣ ፕሮግራሞቹን፣ ሁሉንም እንዳለ ይይዛል። እዚያው ኮንትሮል ፓነል ውስጥ «ባክአፕ ኤንድ ሪስቶር (ዊንዶውስ 7)» የሚለው ጋ ታገኙታላችሁ፤ ስሙ አሮጌ ቢሆንም ዊንዶውስ 10 ላይም 11 ላይም አለ። ፍላሽ ግን አይቀበልም፣ ውጫዊው ሃርድ ዲስክም ኤንቲኤፍኤስ መሆን አለበት።

ለመመለስ (ሪስቶር ለማድረግ) ቢያንስ 8 ጊጋባይት ፍላሽ ላይ የዊንዶውስ መጫኛ አዘጋጁ። ይህን ኮምፒውተሩ ደህና እያለ ነው የምትሠሩት፣ ከሞተ በኋላ የጎረቤት ላፕቶፕ ልመና ነው። በፍላሹ አስነስታችሁ «ጫን» ከማለት ይልቅ «ሪፔር» የሚለውን፣ ከዚያ «ሲስተም ኢሜጅ ሪከቨሪ»ን ምረጡ። ልብ በሉ፣ ዲስኩ ላይ ያለውን ሁሉ አጥፍቶ ነው የድሮውን የሚመልሰው። አዲስ ዲስክ ከሆነም ከድሮው ማነስ የለበትም።

ገልብጣችሁ ስትጨርሱ ውጫዊውን ዲስክ ንቀሉት። ተሰክቶ የሚውል ዲስክ ቫይረሱንም የመብራት ንዝረቱንም አብሮ ይቀበላል። ጉግል በነጻ የሚሰጠው 15 ጊጋባይት ከቤት ውጭ ላለው ቅጂ ይሆናል። ዳታ ውድ ስለሆነ ፊልሙን ትታችሁ ዳግም የማይገኘውን ብቻ ጫኑ። ሲንክ ግን ያታልላል፦ ኮምፒውተሩ ላይ ስታጠፉት እዚያም ይጠፋል። አልፎ አልፎ ደግሞ ከባክአፑ አንድ ሁለት ፋይል በሌላ ኮምፒውተር ከፍታችሁ እዩ።

አሁኑኑ ፋይል የጠፋባችሁ ካላችሁ፣ ኮምፒውተሩን መጠቀም አቁሙ። የጠፋው ፋይል ሌላ እስኪጻፍበት ድረስ ዲስኩ ላይ ሊኖር ይችላል። ዲስኩን አውጥታችሁ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሰክታችሁ በ«ፎቶሬክ» ወይም «ሪኩቫ» ፈልጉ፣ የተገኘውንም ሌላ ዲስክ ላይ አስቀምጡ። ኤስኤስዲ ከሆነ ተስፋው በጣም ቀጭን ነው፣ የተሰረዘውን ቦታ ራሱ ቶሎ ያጸዳዋል። ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ከሰማችሁ ግን ምንም አትሞክሩ፣ አጥፉትና ለባለሙያ ስጡ።

የእኛ የድሮው ዓይነት ሃርድ ዲስክ ስለነበር ከ41 ደቂቃው 12ቱን አገኘን፣ ያውም ስም በሌላቸው በመቶ የሚቆጠሩ ፋይሎች መሃል። ውጫዊ ዲስክ ገዝተን ወደ ጊደር መጋላ ተመለስን። እሳቸው ሳቁብን። «ነገርኳችሁ እኮ!» አሉና ሌላ ታሪክ ጀመሩ።