ውርጭና የጓሮ አትክልት በመንዝ

መሐል ሜዳ ከባሕር ወለል በላይ ከ3000 ሜትር በሚበልጥ ደጋ ላይ የተቆረቆረች ከተማ ናት። ከክረምቱ በረዶ የተረፈውን የጓሮ አትክልት ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባለው ወራት ውርጭ ይጠብቀዋል።

ሰማዩ ጠርቶ ነፋስ ባረፈበት ሌሊት የምድር ሙቀት ወደ ላይ ይሸሻል፤ ቀዝቃዛውም አየር ከባድ ስለ ሆነ እንደ ውሃ ወደ ረባዳው ይወርዳል። ስለዚህ በረባዳ የተተከለው ድንች ቅጠሉ በአንድ ሌሊት ጠቁሮ ሲያድር፥ በተዳፋት ያለው ብዙ ጊዜ ይተርፋል። ነጭ ሽንኩርት ግን ቅጠሉ ቢጎዳም ራሱን አፈር ስለሚሸፍንለት ከመካከሉ እንደገና ያቆጠቁጣል።

እንግዲህ ባለጓሮው ቅጠሉን አይቶ በችኮላ መንቀል አይገባውም። ጥቂት ቀን ታግሦ ሥሩን ይመርምር፤ የበሰበሰውን ያስወግድ፤ ጤነኛውንም ለዘር ለይቶ በደረቅ ስፍራ ያኑር። በ1977 ዓ.ም. ረኃብ ሰሜን ሸዋን እንደ መታ የሚዘነጋ አይደለም። ችጋር ሲጠና ዘርም ይበላል፤ ዘሩን የበላ ቤት ደግሞ የበልጉ ዝናብ ቢመለስ እንኳ የሚተክለው አያገኝም።

ስለዚህ ሹማምንት በየቀበሌው፥ ካህናትም በየደብሩ፥ ሕዝቡ የዘሩን ድርሻ አስቀድሞ እንዲለይ ቢመክሩ፥ ውርጭ ቅጠሉን የወሰደበት ደኻ የሚመጣውን ዓመት ተስፋ አያጣም።