በመንገድ ዳር የሚቀረው ጨው

በሚኒሶታ ወይም በቶሮንቶ የሚኖር ሰው በበረዶ ወራት ጫማው ላይ ደርቆ የሚቀረውን ነጭ ምልክት ያውቀዋል። ጨው ውሃ ወደ በረዶ የሚለወጥበትን ሙቀት ዝቅ ስለሚያደርግ በየመንገዱ ይበተናል። ኒው ሃምፕሻየር በ1930ዎቹ መጨረሻ ሙከራውን ከጀመረች ወዲህ ልማዱ እየሰፋ ሄዶ፣ ዛሬ አሜሪካ ብቻዋን በዓመት ከ10 ሚሊዮን ቶን በላይ ትበትናለች።

ይህ ጨው በሐይቆች ላይ ስለሚያደርሰው ጉዳት ብዙ ተብሏል፤ በአፈር ላይ ስለሚያደርሰው ግን ጥቂት። ጨው ሲሟሟ ክሎራይድና ሶዲየም ይለያያሉ። ክሎራይድ አፈር ስለማይዘው ከውሃ ጋር ወደ ታች ይሰርጋል። ሶዲየም ግን የሸክላ ቅንጣቶች ላይ ይጣበቅና ካልሲየምንና ማግኒዚየምን ያባርራል። ደቃቅ ቅንጣቶችን አያይዞ አፈርን ፍርፍር የሚያደርገው በተለይ ካልሲየም ነው። እሱ ሲሄድ ሸክላው ይበታተናል፣ ቀዳዳዎቹ ይደፈናሉ፣ ላዩ ይጋገራል። ዝናቡ መስረጉን ትቶ ይፈስሳል፤ ሥርም አየር ያጣል። መነሻው መስኖ ይሁን እንጂ የመካከለኛው አዋሽ ገበሬ በአሚባራ ማሳዎች የሚያየው የሶዲየም ጉዳትም ከዚህ የተለየ አይደለም።

ሌላም አለ። ክሎራይድ ከመኪና ጎማና ከሞተር የወረዱ እንደ ካድሚየም ያሉ ብረቶችን ይዞ ያንቀሳቅሳል። እርጥብ አፈር ላይ የቆመ ዛፍ እንኳ ጨዋማውን ውሃ መሳብ ተስኖት ይጠማል። የነጭ ጥድ ቅጠል ወደ መንገዱ በዞረው ጎን ብቻ ሲጠወልግ ጥፋተኛው ማን እንደሆነ አያጠያይቅም። በብሪታንያ ደግሞ ጨው የለመደ የባሕር ዳርቻ አረም አውራ ጎዳናውን ተከትሎ ወደ መሃል አገር ገብቷል።

ምትክ የተባሉትም ነቀፋ አላቸው። ካልሲየም ክሎራይድ የአፈሩን አቋም ባያፈርስም ክሎራይዱን ይጨምራል፤ አሲቴት ያለባቸው ውድ ናቸው፣ ሲበሰብሱም የውሃን ኦክስጅን ይሻማሉ። የተጎዳ አፈርን በጂፕሰም ማከም ይቻላል፤ በሺህ ኪሎ ሜትር መንገድ ዳር ግን ማን ያዳርሰዋል? ስለዚህ ለእኔ ዋናው መፍትሔ መጠኑን መቀነስ ነው፦ ጨውን አስቀድሞ ማርጠብ፣ ማሽኑን በልክ ማስተካከል፣ ተራ ጨው እምብዛም በማይሠራበት ከ-9 ዲግሪ ሴልሲየስ በታች ባለ ብርድ አለመበተን። ካናዳ በ2001 የመንገድ ጨውን ለአካባቢ መርዛማ ብላ ከመደበች በኋላ የአጠቃቀም መመሪያ አውጥታለች። የመኪና ማቆሚያና የሱቅ ደጃፍ ግን በየባለቤቱ እጅ ነው፤ እዚያ የሚበተነውን የሚለካ ጥቂት ነው። ወደ ከርሰ ምድር የሰረገው ክሎራይድም በሐምሌ ሙቀት፣ በረዶ በተረሳበት ወቅት፣ ከምንጭ ጋር ወደ ወንዞች ይወጣል።