የቦውሊንግ ኳስ የት ይበሳ? እጃችሁን ጠይቁት

ከአንድ ፋብሪካ የወጡ ሁለት የቦውሊንግ ኳሶች አሉ እንበል። ክብደታቸው እኩል ነው፣ የተሠሩበትም ነገር አንድ ነው። የጣት ቀዳዳዎቹን ግን በተለያየ ቦታ አስበሳናቸው። አሁን አንድ ሰው ሁለቱንም በተመሳሳይ አኳኋን ቢወረውራቸው፣ አንዱ ቶሎ ሊታጠፍ፣ ሌላው ርቆ ሄዶ መጨረሻ ላይ ሊታጠፍ ይችላል። እንዴ! ቀዳዳ ጣት ማስገቢያ ብቻ አይደለም እንዴ?

ሁለት ነጥቦች

ተጫዋቾች ለራሳቸው የሚገዙት ኳስ ሆዱ ውስጥ ከበድ ያለ እምብርት አለው። ቅርጹ ብዙ ጊዜ አምፖል ይመስላል እንጂ ድቡልቡል አይደለም። ስለዚህ ኳሱን በአንድ ዛቢያ ዙሪያ ማሽከርከር ቀለል፣ በሌላው ዙሪያ ደግሞ ከበድ ይላል። የእምብርቱ ራስ በየት በኩል እንዳለ ኳሱ ላይ ያለች ትንሽ ባለቀለም ክብ ታሳየናለች። እሷን "የእምብርት ነጥብ" እንበላት።

ሁለተኛው ነጥብ የሚመጣው ከእናንተ ነው። መሬት በዛቢያዋ ላይ እንደምትሽከረከር፣ ኳሱም ከእጃችሁ ሲወጣ በራሱ ዛቢያ ላይ ይሽከረከራል። የዛቢያው ጫፍ የኳሱ ገጽ ላይ የሚያርፍበትን ቦታ "የዛቢያ ነጥብ" እንበለው። ቦታው ከሰው ሰው ይለያያል፤ የእጅ አያያዝና አለቃቀቅ ውጤት ነውና።

ቀዳዳዎቹ እጃችሁ ኳሱ ላይ የት እንደሚያርፍ ይወስናሉ፤ እጃችሁ ደግሞ ዛቢያው የት እንደሚሆን ይወስናል። በቃ፣ የመብሻ ቦታ መምረጥ ማለት በዋናነት በሁለቱ ነጥቦች መካከል ያለውን ርቀት መምረጥ ነው።

ርቀቱ ምን ይለውጣል?

የመጫወቻው መም ከመወርወሪያው መስመር እስከ መጀመሪያው ፒን 60 ጫማ፣ ማለትም 18 ሜትር ገደማ ነው። የፊተኛው ክፍል በስሱ ዘይት ይቀባል፤ ወደ ፒኖቹ የተጠጋው ክፍል ደረቅ ነው። ኳሱ ዘይቱ ላይ ይንሸራተታል፤ ደረቁ ጋ ሲደርስ ሰበቃ ይይዘውና ይታጠፋል።

ኳሱ ሲዞር ዘይቱ ገጹ ላይ ቀለበት ሠርቶ ይቀራል። ዛቢያው ካልተንቀሳቀሰ፣ በየዙሩ መሙን የሚነካው ያው ዘይት የነካው ቀለበት ነው። እምብርቱ ግን ዛቢያውን ከቦታው ቀስ በቀስ ሊያንሸራትተው ይችላል። ያን ጊዜ በየዙሩ አዲስ፣ ያልተቀባ ገጽ መሙን ይነካል፤ ሰበቃውም ይጨምራል።

ታዲያ ዛቢያው ምን ያህል ይንሸራተታል? ከኳሱ መሃል ሆናችሁ ሁለቱን ነጥቦች ብታዩ በመካከላቸው ማዕዘን ይኖራል። መንሸራተቱ የዚያን ማዕዘን ሳይን ከኮሳይኑ ጋር ያባዛነውን ያህል ይጨምራል ወይም ይቀንሳል። ካልኩሌተር አውጡና ሞክሩት። ለ20 ዲግሪ 0.32፣ ለ45 ዲግሪ 0.50፣ ለ70 ዲግሪ ደግሞ ተመልሶ 0.32 ይመጣል። ለ0 እና ለ90 ዲግሪ ዜሮ ነው። የኳሱ ዙሪያ 27 ኢንች ገደማ ስለሆነ፣ 45 ዲግሪ ማለት 3.375 ኢንች ነው። ዛቢያው በብዛት የሚንሸራተተው በዚህ ርቀት ነው።

ለማን የትኛው?

"እንግዲያው ሁላችንም 3.375 ላይ እናስበሳ!" እንዳትሉ። ብዙ መታጠፍ ሁልጊዜ ጥሩ አይደለም።

በፍጥነት የሚወረውር፣ ግን ብዙ የማያሽከረክር ሰው ኳሱ መሙን ሳይዝለት ፒኖቹ ጋ ይደርሳል። ለእሱ ወደ 45 ዲግሪ የተጠጋ ርቀት ይረዳዋል። በዝግታ እየወረወረ በደቂቃ 400 ዙር የሚያሽከረክር ሰው ግን ችግሩ ተቃራኒ ነው፤ ኳሱ ቶሎ ታጥፎ ጉልበቱን መንገድ ላይ ይጨርሳል። ለእሱ 5 ኢንች አካባቢ ያለ ርቀት ጉልበቱን ለመጨረሻው ያቆይለታል።

እዚህ ጋ ተጠንቀቁ። 1.5 ኢንች (20 ዲግሪ) እና 5.25 ኢንች (70 ዲግሪ) ብዜታቸው እኩል ቢሆንም ጠባያቸው አንድ አይደለም። የመጀመሪያው ለማሽከርከር ቀላል ወደሆነው ዛቢያ ስለሚቀርብ ኳሱ ቶሎና በለስላሳው መንከባለል ይጀምራል፤ ሁለተኛው ግን ይዘገያል።

የኳሱ ሽፋንም አለ። ሻካራ ሽፋን መሙን ቶሎ ይይዛል፣ የተወለወለ ደግሞ ርቆ ይንሸራተታል። የዚህ ተጽዕኖ ብዙ ጊዜ ከመብሻው ቦታ ይበልጣል። ስለዚህ መጀመሪያ ሽፋኑን ምረጡ፤ መብሻው ማስተካከያ ነው።

የሻምፒዮን ንድፍ መቅዳትስ? አውስትራሊያዊው ጄሰን ቤልሞንቴ በሁለት እጁ፣ አውራ ጣቱን ሳያስገባ እየወረወረ ታላላቅ ውድድሮችን በማሸነፍ ክብረ ወሰን ይዟል። የእሱ የዛቢያ ነጥብ ግን የእናንተ አይደለም። ለእሱ የተበሳ ኳስ በእናንተ እጅ ሌላ ኳስ ይሆናል። ማስተካከያውም ጠቧል፤ በአሜሪካ የቦውሊንግ ኮንግረስ ደንብ ከኦገስት 2020 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ጣት የማይገባበት ተጨማሪ ቀዳዳ በውድድር አይፈቀድም። የተበሳ ኳስ ደፍኖ እንደገና መብሳት ይቻላል፤ ግን ሌላ ወጪ ነው።

ሞክሩት

የራሳችሁን የዛቢያ ነጥብ ለማግኘት ቁራጭ ነጭ ፕላስተርና ስልክ ይበቃል። ቀኝ እጅ ከሆናችሁ ከጣት ቀዳዳዎቹ በስተቀኝ፣ ግራኝ ከሆናችሁ በስተግራ ፕላስተሩን ለጥፉ። ጓደኛችሁ ከኋላ ሆኖ በዝግታ ቪዲዮ ይቅረጽ። ልክ ከእጃችሁ እንደወጣ ፕላስተሩ ክብ እየሠራ የሚዞር ከሆነ ትንሽ አንቀሳቅሱትና ድገሙት። ኳሱ ሁሉ እየዞረ ፕላስተሩ ብቻ ባለበት የቆመ ሲመስል፣ አገኛችሁት። መሰርሰሪያው ኳሱን ሳይነካ ባለሙያው ማየት ያለበት ያን ነጥብ ነው።