የአደራ ቡችላ

ካኩማ፦ በካምፓችን ውሻ ማሳደግ የተለመደ ነው። ሌሊት ሌባ ሲመጣ የሚጮኸው እሱ ነው፤ ልጆችም የሚጫወቱበት ያገኛሉ። አንዳንዴም የጎረቤት ቡችላ ለጥቂት ቀን በአደራ እንቀበላለን። እኔም በቅርቡ አንድ ተቀብዬ ነበር።

ጎረቤቴ የታመመ ልጇን ይዛ ወደ ሎድዋር ሆስፒታል ልትሄድ ስትነሳ፣ «ጋሼ፣ ለአምስት ቀን ብቻ ነው፤ አደራ» ብላ ቡችላዋን አመጣችልኝ። ራሽን ከተቀነሰ ወዲህ ለሰውም አልበቃ ብሏል እያልኩ ሳቅማማ ልጆቼ ከእጇ ተቀበሉት። ስሙን ሳይጠይቁ «ቡቺ» አሉት። ከየድርሻቸው ገንፎ እየቆነጠሩ ያበሉት ጀመር። ጠዋት ትምህርት ቤት ሲሄዱ እስከ ቧንቧው ድረስ ይሸኛቸዋል። እውነቱን ለመናገር እኔም ወደድኩት።

በአራተኛው ቀን ቡችላው እየበላ ሳለ የስድስት ዓመቱ ልጄ ሳህኑን ሊያነሳ እጁን ሲሰድ ነከሰው። የጥርሱ ምልክት ትንሽ ነው፤ ግን ደምቷል። ሰዎች «ቡችላ እኮ ነው፣ ምን ያመጣል!» አሉ። ቡችላም ቢሆን ግን የእብድ ውሻ በሽታ ሊይዘው ይችላል። በሽታው በለሃጭ ይተላለፋል። ምልክቱ ሰው ላይ ከታየ በኋላ የሚድን የለም ማለት ይቻላል፤ ቶሎ ከታጠበና ከተከተበ ግን ይድናል።

ለማታ ያስቀመጥነውን ውሃ አውጥተን ቁስሉን በሳሙና 15 ደቂቃ አጠብነው። ግማሽ ጀሪካን አለቀ። ወዲያው ክሊኒክ ወሰድኩት። መጀመሪያ የጠየቁኝ «ውሻው ተከትቧል ወይ?» ብለው ነው። መልስ አጣሁ። ስቀበለው ምን እንደሚበላ እንጂ ስለ ክትባቱ አልጠየቅኩም ነበር።

ልጄ ክትባት ጀመረ። ቡችላው ደግሞ ታስሮ ለ10 ቀን እንዲጠበቅ ተነገረን። ውሻ ከነከሰ በኋላ 10 ቀን ሙሉ ጤነኛ ሆኖ ከቆየ፣ በነከሰበት ሰዓት በሽታውን አያስተላልፍም ነበር ማለት ነው። ጎረቤቴ ስትመለስ ነገሩን ነገርኳት። እንዳላስከተበችው ነግራኝ አለቀሰች። «ጥፋቱ የጋራችን ነው» አልኳት። ቡችላው እኛው ቤት እንደታሰረ ቀኑን ጨረሰ፤ ምንም አልሆነም። ሲመለስ ገመዱን ይዞ ያደረሰው የተነከሰው ልጄ ነው። እያለቀሰ ተመለሰ።

ወገኖች፣ የሰው ቡችላ ለአንድ ቀንም ቢሆን ስትቀበሉ «ተከትቧል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። ሲበላና ሲተኛ ልጆች እንዳይነኩት ንገሯቸው። ከነከሰ ወይም ቧጭሮ ካደማ ቅጠልና በርበሬ አታድርጉበት፤ በውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ እጠቡና በዚያው ቀን ክሊኒክ ሂዱ። የክትባቱን ቀጠሮ ሐኪም በቃ ሳይል አታቋርጡ። አደራ የተቀበልነው ቡችላውን ብቻ አይደለም፤ ልጆቻችንም አደራ ናቸው።