ከጣና ማዕበል የተቀዳ ዝማሜ

የደብረ ብርሃን የጥር ሌሊት አጥንት ሰርስሮ ይገባል። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣለችና በዚያ ሰዓት ጋቢ ሳይደርብ የሚወጣ የለም። ጥር 7 ግን የሥላሴ በዓል ነው፤ ማኅሌት የሚቆመው ሰው ብርዱን ምክንያት አያደርግም። በቤተ ክርስቲያኑ ቅኔ ማኅሌት ውስጥ ካህናቱና መዘምራኑ ነጭ ለብሰው፣ መቋሚያቸውን ይዘው በሁለት ወገን ትይዩ ቆመዋል። ከበሮው ገና አልተነሳም። ዜማ አለ፣ ምት ግን የለም።

ድንገት ሳይሆን ቀስ ብሎ መቋሚያው ከመሬት ይነሳል። ወደ አንድ ጎን ያዘነብላል፤ ትከሻም ራስም ይከተሉታል። ጥቂት ቆይቶ ወደ ሌላው ጎን ይመለሳል፣ ከዚያም ዝቅ ይላል። የሚቸኩል ሰው የለም። ዜማው ሲረዝም ትንፋሹ ይረዝማል፤ ትንፋሹ ሲያልቅ እንቅስቃሴውም አብሮ ያርፋል።

ዝማሜ ይህ ነው። ቃሉ በአማርኛ «ዘመም አለ» የምንለውን ያስታውሳል፤ ሥራውም እንደ ስሙ ነው።

የማኅሌትን ዜማና እንቅስቃሴ በሚያስተምረው በአቋቋም ትምህርት አንዱ ቃል በየደረጃው ይደጋገማል። መጀመሪያ በቁም ይዜማል፤ ቀጥሎ በመቋሚያ ይዘመማል፤ ከዚያ ከበሮና ጸናጽል ገብተው መረግድ ይሆናል፤ በመጨረሻ ምቱ ፈጥኖ፣ ጭብጨባው ደምቆ ወደ ጽፋት ይደርሳል። ብዙ ሰው የሚወደው ይህን የመጨረሻውን ሙቀት ነው። የጥበቡ ልብ ግን ያለው በዝማሜው ላይ ነው፤ ከበሮ ስህተትን ይሸፍናል፣ ዝማሜ ግን አይሸፍንም። አንዱ መቋሚያ ከሌሎቹ ቀድሞ ቢነሳ ከሩቅ ይታያል።

ከሚታወቁት የአቋቋም ስልቶች አንዱ «ተክሌ» ይባላል። የስልቱ አባት ሕዝቡ በቀልዳቸው የሚያውቃቸው አለቃ ገብረ ሐና ናቸው። ቀልዳቸው ሊቅነታቸውን ሸፍኖባቸዋል፤ ይህ ሊታረም የሚገባው ነው። በፎገራ፣ በጣና ሐይቅ አካባቢ ተወልደው በ19ኛው መቶ ዘመን የኖሩት እኒህ የጎንደር ሊቅ፣ የሐይቁን ማዕበል መሄድና መመለስ፣ የሸምበቆውንም በነፋስ መወዛወዝ አይተው አዲስ ዝማሜ እንደ ቀመሩ ይተረካል። ማዕበሉ ዳር ደርሶ እንደሚመለስ መቋሚያውም ደርሶ ይመለሳል፤ ሸምበቆው ሳይሰበር እንደሚያጎነብስ ወገብም እንዲሁ ያጎነብሳል። የጎንደር ሊቃውንት ግን የቆየውን ሥርዓት ይጠብቁ ነበርና አዲሱን ስልት በቀላሉ አልተቀበሉትም ይባላል። አለቃም ለልጃቸው ለተክሌ አስተማሩት፤ እርሱ በደብረ ታቦር አስፋፋው። ስልቱ እስከ ዛሬ የሚጠራው በልጁ ስም ነው፤ ደብረ ታቦር ኢየሱስም የተክሌ አቋቋም ማስመስከሪያ ነው።

ተፈጥሮን አይቶ አካልን በቀስታ ማንቀሳቀስ በሌላውም ዓለም የቆየ ጥበብ ነው። ቻይናውያን «ቺጎንግ» የሚሉት ልምምድ ትንፋሽን፣ ሐሳብንና ዝግተኛ እንቅስቃሴን ያጣምራል፤ አንዳንዱ ዓይነት እንጨት፣ እሳት፣ ምድር፣ ብረትና ውኃ በሚሏቸው አምስት ባሕርያት ላይ የቆመ ነው። በ1973 (እ.ኤ.አ.) ማዋንግዱይ በተባለ ቦታ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ168 ከተዘጋ መቃብር፣ 44 የሰው ምስሎች እየተንጠራሩና እያጎነበሱ የሚታዩበት የሐር ሥዕል ወጥቷል። ልዩነቱ ግን መዘንጋት የለበትም። ቺጎንግ በአብዛኛው የሚሠራው ለጤናና ለዕድሜ ነው፤ ዝማሜ ምስጋና ነው። በቤተ ክርስቲያን ትርጓሜ የመቋሚያው ወዲያና ወዲህ ማለት ክርስቶስ በሕማሙ ሰዓት መገፋቱንና መንገላታቱን ያስባል። እንደ ስፖርት የሚያየው ሰው ግማሹን ብቻ ያያል።

መቋሚያው ራሱ ስሙን ያገኘው ከመቆም ነው። ሌሊቱን ሙሉ መቀመጥ የለምና ቀጥ ያለው በትር ጎልማሳውንም ሽማግሌውንም ይደግፋል፤ አግድም የሆነው አናቱ ብብት ሥር ገብቶ ክንድን ያሳርፋል። ዜማው ሲደርስ ያው ድጋፍ ተመልሶ የዝማሜ መሣሪያ ይሆናል።

ደብረ ብርሃን ያለችበት ሰሜን ሸዋ ለዚህ ጥበብ ተስማሚ ምድር ናት። ከተማዋ ስሟን ያገኘችው ከሰማይ ነው፤ ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ (1434–1468 እ.ኤ.አ.) በዚያ ሳሉ በሰማይ ብርሃን ታይቶ ቤተ ክርስቲያን አሠሩ፣ ከተማም መሠረቱ። አንዳንድ አጥኚዎች ብርሃኑ በ1456 የታየው የሃሌይ ጅራታም ኮከብ ነው ይላሉ። ወደ ምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ሲኬድ ተራራው ወደ ቆላው ከሚወርድበት ጫፍ ላይ አንኮበር አለች፤ የንጉሥ ሣህለ ሥላሴ መናገሻ የነበረችው። በጥምቀት ታቦታቱ ሲወጡ መዘምራኑ ከግድግዳ ውጭ በሜዳ ይዘምማሉ። ነፋሱ ነጠላቸውን ያርገበግበዋል፤ በመንገዱ ዳር ባለው ማሳ ገብሱ ከታጨደ ቆይቷል፣ በመስከረም ግን ያው ማሳ እንደ ሐይቅ ይወዛወዛል። ጥበቡ ከየት እንደመጣ ለማየት ጣና ድረስ መሄድ አያስፈልግም።

ደብረ ብርሃን የሚገኝ ሰው ጥር 7 ወይም ሐምሌ 7 ወደ ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ ጎሕ እስኪቀድ አይቆይ። ከበሮው ከመነሳቱ በፊት ይድረስ፤ ዓይኑንም መቋሚያዎቹ ላይ ያሳርፍ።