በሌዘር የተነሣ ጠጉር ስለ ምን ተመልሶ ይበቅላል?

የሰው ልጅ ያልፈለገውን ጠጉር ከሰውነቱ ለማስወገድ ያልሞከረው ዘዴ የለም ለማለት ይቻላል። ምላጭ አለ፤ ወረንጦ አለ፤ የሚጠመዘዝ ክር አለ፤ እያሞቁ የሚለጥፉትና የሚልጡት ሰም አለ። እነዚህ ሁሉ ጠጉሩን ያነሣሉ፤ ጠጉሩ ግን እንደ ዘዴው ዐይነት በቀናት ወይም በሳምንታት ውስጥ ተመልሶ ይበቅላል፤ በዚህም ማንም አይገረም። ሌዘር የተባለው ብርሃን ግን የመጣው «ለዘለዓለም» የሚል ቃል ይዞ ነው። ስለዚህ ብዙ ገንዘብ ከፍሎ፣ ስድስትና ስምንት ጊዜ ተመላልሶ፣ ከዓመት ወይም ከሁለት ዓመት በኋላ ጠጉሩ ብቅ ሲል ያየ ሰው «ተታለልሁ» ቢል አይፈረድበትም። ሥራውን የሠራው ሰው ደግሞ «ሕክምናው ገና አላለቀም» ይለዋል። ከሁለቱ እውነቱን የያዘው ማን ነው?

መልሱ ጠጉሩን በመመርመር ይገኛል። በአንድ ቃል «ተመልሶ በቀለ» የምንለው ጠጉር በእርግጥ አንድ ዐይነት አይደለም። ብርሃኑ ከቶ ያልነካው አለ፤ ተነክቶ ያገገመ አለ፤ ቀድሞ ያልነበረና አዲስ የመጣም አለ። እነዚህን ሳይለዩ ሌዘሩን ማመስገንም ሆነ መውቀስ ትርጕም የለውም፤ ከዚያም አልፎ፣ ወደ ኋላ እንደምናየው፣ ሐኪም ዘንድ መቅረብ የሚገባትን ሴት በከንቱ ሊያመላልሳት ይችላል። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።)

በመጀመሪያ ስለ ጠጉር አበቃቀል ጥቂት እንበል። ከቆዳችን በላይ የምናየው ጠጉር ሕይወት የለውም፤ ሲቈርጡት የማያመውም ስለዚህ ነው። ሕይወት ያለው ሥራ የሚሠራው ከቆዳ በታች፣ ጠጉሩ በተተከለበት ጠባብ ጕድጓድ ውስጥ ነው። ይህን ጕድጓድ በዚህ ጽሑፍ «ማኅደር» እንለዋለን። በማኅደሩ መጨረሻ ላይ እንደ ሽንኩርት ራስ ያበጠ ክፍል አለ፤ ጠጉሩ የሚሠራውና ሜላኒን ከተባለው ጥቁር ቀለም የሚቀላቀለው እዚያ ነው። ከዚያ ከፍ ብሎ፣ ብርድ ሲሰማን ጠጉራችንን የምታቆመው ትንሽ ጡንቻ በምትያያዝበት አጠገብ፣ ሌላ የሕዋሳት ስብስብ ይገኛል። በ1990 ኮትሳሬሊስ፣ ሱን እና ላቭከር የተባሉ ተመራማሪዎች በአይጥ ቆዳ ላይ ባደረጉት ምርመራ፣ ማኅደሩን እንደገና የሚያድሱት እናት ሕዋሳት በዚህ ስፍራ እንደሚኖሩ አመለከቱ። እንግዲህ የታችኛውን ክፍል ብቻ የሚያጠፋ ዘዴ ቅርንጫፍ ይቈርጣል እንጂ ሥር አይነቅልም።

ከዚህም በቀር ማኅደሩ ዘወትር አይሠራም። የሚያበቅልበት ጊዜ አለው፤ ሥራውን አቁሞ የሚሸበሸብበት አጭር ጊዜ አለው፤ ከዚያም የሚያርፍበት ጊዜ አለው። ዕረፍቱ ሲያበቃ አሮጌውን ጠጉር ጥሎ ሌላ ይጀምራል። በራስ ላይ የማደጊያው ጊዜ ከ2 እስከ 6 ዓመት ይደርሳል፤ በቅንድብ ላይ ግን ከጥቂት ወራት አያልፍም፤ ቅንድባችን እንደ ራስ ጠጉራችን የማይረዝመውም በዚሁ ምክንያት ነው። የራስ ጠጉር ከዐሥሩ ዘጠኙ ያህል በማደግ ላይ ሲሆን፣ በእግርና በክንድ ላይ ግን አብዛኛው ማኅደር በማናቸውም ቀን ቢታይ ዐርፎ ይገኛል።

አሁን ወደ ብርሃኑ እንመለስ። የመጀመሪያውን ሌዘር ቴዎዶር ሜይማን በካሊፎርኒያ ውስጥ በ1960 ሠራ፤ ብርሃኑ የሚፈልቀውም ከሩቢ ድንጋይ ነበር። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሊዮን ጎልድማን የተባለ የሲንሲናቲ ከተማ የቆዳ ሐኪም ይህን ብርሃን በሰው ቆዳ ላይ መሞከር ጀመረ። ነገሩን በሕግ ያስቀመጡት ግን በ1983 በቦስተን የነበሩት ሮክስ አንደርሰንና ጆን ፓሪሽ ናቸው። ሐሳባቸው በፀሐይ የተሰጣ ጥቁር ጨርቅ ከነጭ ይልቅ ቶሎ እንደሚሞቅ ለሚያውቅ ሰው እንግዳ አይሆንም። ዒላማው የሚመጠውን፣ ጎረቤቱ ግን የማይመጠውን ብርሃን ምረጥ፤ ሙቀቱ ወደ ጎረቤት ሳይሻገርም ብርሃኑን ቶሎ አቋርጥ፤ ያን ጊዜ ዒላማው ብቻ ይቃጠላል።

ይህ ሕግ በጠጉር ላይ ሲሠራበት አንድ እንቅፋት ይገጥመዋል፤ ለጥያቄያችንም ቍልፉ ይኸው ነው። ብርሃኑን የሚመጠው በጠጉሩ ውስጥ ያለው ጥቁር ቀለም ነው፤ እንዲሞቱ የሚፈለጉት ግን ከጠጉሩ ጎን የተቀመጡትና እምብዛም ቀለም የሌላቸው እናት ሕዋሳት ናቸው። ስለዚህ ጠጉሩ እንደ ጋለ ምጣድ ሆኖ ሙቀቱን ለጎረቤቶቹ ማካፈል አለበት። ብርሃኑ እጅግ ካጠረ ሙቀቱ አይደርሳቸውም፤ እጅግ ከረዘመ ቆዳው ይቃጠላል። ከሕክምናው በፊት ጠጉሩን በምላጭ መላጨት ሲፈቀድ በወረንጦ ወይም በሰም መንቀል የሚከለከለውም ከዚህ የተነሣ ነው፤ የነቀለ ሰው ምጣዱን አስቀድሞ ወስዶታል። ሽበትም ቀለም ስለሌለው ሌዘር አይነካውም።

በ1995 በአሜሪካ አገር ለዚህ ሥራ የተፈቀደው የመጀመሪያው ዘዴ እንቅፋቱን በብልኃት ለማለፍ የታሰበ ነበር። ጠጉሩ በሰም ይነቀልና በባዶው ማኅደር ውስጥ የከሰል ደቃቅ ያለበት ቅባት ይታሻል፤ ቀጥሎም በናኖሴኮንድ የሚለካ እጅግ አጭር ብርሃን ይለቀቅበታል። ገበያው ደራ። ነገር ግን በ1997 የታተመ ምርመራ እንዳሳየው፣ ዘዴው ጠጉሩን ለጥቂት ወራት አዘገየው እንጂ በ6ኛው ወር ሁሉም ተመልሶ ነበር። ከሰሉ ፈነዳ፤ እናት ሕዋሳቱ ግን በሰላም ተቀመጡ።

የበለጠ የሚያስተምረው በቦስተን የተደረገው ሌላው ምርመራ ነው። በ1996 የታተመው ይህ ሥራ በ13 ፈቃደኞች ጀርባና ጭን ላይ ረዘም ያለ የሩቢ ብርሃን አንድ ጊዜ ብቻ የለቀቀ ነበር። የሁሉም ጠጉር ለጊዜው ጠፋ። ከሁለት ዓመት በኋላ 7ቱን እንደገና ሲያዩአቸው በ4ቱ ላይ ጠጉሩ በግልጥ እንደ ሳሳ ቀርቶ ነበር። ከቆዳቸው ቅንጣት ተወስዶ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ግን ማኅደሮቹ ሞተው ጠባሳ አልሆኑም፤ ኰስሰው የሕፃን ገላ እንደሚሸፍነው ለስላሳ ጠጉር የሚያበቅሉ ሆነዋል እንጂ። ይህ ነጥብ ብዙ ጊዜ ይዘለላል፤ በእኔ አስተያየት ግን ከሁሉ ይበልጣል። ሌዘር አብዛኛውን ጊዜ ጠጉርን አይገድልም፤ ያቀጥነዋል። ያቀጠኑት ነገር ደግሞ ተመልሶ ሊወፍር ይችላል።

የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ይህን ተመልክቶ ቃሉን በጥንቃቄ መርጧል። ለሌዘር የፈቀደው «ዘላቂ ቅነሳ» የሚለውን አባባል ነው፤ ትርጕሙም ተመልሶ የሚበቅለው ጠጉር ቍጥሩ አንሶ፣ ከአንድ ሙሉ የጠጉር ዑደት ለሚበልጥ ጊዜ በዚያው መጠን ሲቆይ ማለት ነው። ዑደቱም እንደ ሰውነቱ ክፍል ከ4 እስከ 12 ወር ተብሎ ተገምቷል። ጠጉሩ ሁሉ ይጠፋል የሚል ነገር በውስጡ የለም። «ቅነሳ» የሚለውን ቃል በማስታወቂያው ላይ «ማስወገድ» ብሎ የሚጽፍ ሰው የለወጠው አንድ ቃል ቢሆንም የሸጠው ሌላ ዕቃ ነው። በ2006 ሁለት የዴንማርክ ሐኪሞች 444 ሰዎች የተካፈሉባቸውን 11 ምርመራዎች ሰብስበው ሲመዝኑ፣ አሌክሳንድራይትና ዳዮድ የተባሉት ሌዘሮች እስከ 6 ወር ድረስ ጠጉሩን በግማሽ ያህል እንደሚቀንሱ አገኙ፤ ከዚያ ወዲያ ስላለው ጊዜ ግን በቂ ማስረጃ አላገኙም።

እንግዲህ ከመጀመሪያው ሕክምና ሁለት ወር በኋላ የሚታየው ጠጉር በአብዛኛው ያገገመ አይደለም። ብርሃኑ በተለቀቀበት ቀን ዐርፎ የነበረ፣ የታችኛው ክፍሉም ተሸብሽቦ ስለ ነበር ያልተነካ ማኅደር ሥራ ሲጀምር ነው። ሕክምናው በሳምንታት ልዩነት የሚደጋገመውም እነዚህን በየተራ በሥራ ላይ ለማግኘት ነው። በዚህ ጊዜ «ገና አላለቀም» የሚለው ሠራተኛ እውነቱን ነው። ከዓመት በኋላ፣ ያውም ቀጭንና ሳሳ ብሎ የሚመጣው ጠጉር ግን ኰስሶ የነበረው ማኅደር ሲያገግም ነው፤ ስለዚህም በዓመት አንድ ወይም ሁለት ጊዜ መመለስ ያስፈልግ ይሆናል። ይህን ደንበኛው ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት ሊሰማው ይገባል።

ለእኛ የቆዳ ቀለም ጕዳዩ ይበልጥ ይከብዳል። ጠጉራችን ጥቁር መሆኑ ለሌዘር ይመቻል፤ ነገር ግን ቆዳችንም ሜላኒን ስላለው ብርሃኑ ጠጉሩ ዘንድ ሳይደርስ በመንገድ ይመጠጣል። ውጤቱ ቃጠሎ፣ የጠቈረ ወይም የነጣ ምልክት ሊሆን ይችላል። ይህን የፈራ ሠራተኛ ኀይሉን ይቀንሳል፤ ኀይሉ ሲቀንስ ደግሞ ጠጉሩ ይተርፋል። ከዚህ አጣብቂኝ የሚያወጣው የሞገዱን ርዝመት መለወጥ ነው። የሩቢ ብርሃን 694፣ የአሌክሳንድራይት 755 ናኖሜትር ሲሆን፣ ኤንዲ ያግ የተባለው 1064 ናኖሜትር ነው። ይህ የመጨረሻው በሜላኒን ያነሰ ስለሚመጠጥና ጠልቆ ስለሚገባ ለጥቁር ቆዳ የተሻለ ሆኖ ተገኝቷል። ስለዚህ «ሌዘር አላችሁ ወይ?» ብሎ መጠየቅ አይበቃም፤ የትኛው ነው ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። በነገራችን ላይ ጥቅልል ጢም ያላቸው ወንዶች ሲላጩ ጠጉሩ ተመልሶ ቆዳቸውን እየወጋ የሚያስቸግራቸው ከሆነ፣ ለነሱ ጠጉሩ ቀጥኖ መመለሱ ራሱ ፈውስ ነው፤ ቀጭኑ ጠጉር ቆዳ አይወጋምና።

ከተጠበቀው ፍጹም የሚቃረን ነገርም አለ። አንዳንድ ጊዜ ጠጉሩ ከቀድሞው በዝቶና ወፍሮ፣ አንዳንዴም ብርሃኑ ካረፈበት ስፍራ ዳር ዳር ይበቅላል። በ2002 ከስፔን በቀረበ ጽሑፍ፣ ሌዘር ባይሆንም ተመሳሳይ ሥራ በሚሠራ ብልጭታ ብርሃን ፊታቸውን ከታከሙ 49 ሴቶች በ5ቱ ላይ ይህ ታየ። በ2005 ከካናዳ የታተመው የሌዘር ምርመራ ደግሞ ከ489 ሰዎች 0.6 በመቶ ብቻ አገኘ። የሚበዛው በፊትና በአንገት ላይ ነው። ምክንያቱ እስከ ዛሬ ያከራክራል፤ ብዙዎች የሚያዘነብሉት ግን ለመግደል ያነሰ ሙቀት ዐርፈው የነበሩትን ማኅደሮች ቀሰቀሰ ወደሚለው ነው። ይህ እውነት ከሆነ በፍርሃት የተቀነሰ ኀይል ጥቅም ማጣት ብቻ ሳይሆን ጕዳትም አለው።

በመጨረሻ የሚቀረው ከሌዘሩ ጋር ምንም ዝምድና የሌለው ጠጉር ነው። በሴት አገጭና ከንፈር ላይ ያለውን ለስላሳ ጠጉር ወደ ጥቁርና ወፍራም የሚለውጠው አንድሮጅን የተባለው የሆርሞን ወገን ነው። ሌዘር ዛሬ የጠቈረውን ይመታል፤ ነገ የሚጠቍረውን አያየውም። ሆርሞኑ ሥራውን እስከ ቀጠለ ድረስ በየዓመቱ አዳዲስ ማኅደሮች ይሰለፋሉ፤ ሴትዮዋም ያው የድሮው ተመለሰ ብላ ታስባለች። የዚህ ዋነኛው መነሻ ፖሊሲስቲክ ኦቫሪ ሲንድሮም የተባለው ሕመም ነው። ከመውለጃ ዕድሜ ሴቶች ከ10 አንዷን ያህል ይይዛል፤ የዓለም ጤና ድርጅትም እስከ 70 በመቶ የሚሆኑት ሕመሙ እንዳለባቸው እንደማያውቁ ይገምታል። የወር አበባ መዛባት፣ የማይለቅ ብጉርና ለመፀነስ መቸገር ከጠጉሩ ጋር አብረው ይመጣሉ። እንግዲህ ጠጉሯ በየጊዜው የሚመለስባት ሴት ሰባተኛና ስምንተኛ ቀጠሮ ከመያዟ በፊት ስለ ወር አበባዋ የሚጠይቃት ሐኪም ያስፈልጋታል። ጠጉር ብቻ በሚነሣበት ቤት ይህን የሚጠይቅ ላይኖር ይችላል።

ይህ ማለት ሌዘር ለነዚህ ሴቶች አይረባም ማለት አይደለም። በ2005 በእንግሊዝ አገር የታተመ ምርመራ ይህ ሕመም ያለባቸውን 88 ሴቶች በዕጣ ለሁለት ከፍሎ፣ ለአንዱ ወገን ሙሉ ኀይል ያለው፣ ለሌላው ደካማ ሌዘር ለ6 ወር ሰጠ። ሙሉውን ያገኙት የፊታቸውን ጠጉር ለማንሣት በሳምንት ያጠፉት የነበረው ጊዜ ከ112 ደቂቃ ወደ 21 ደቂቃ ወረደ፤ ደካማውን ያገኙት ግን ከ92 ወደ 56 ብቻ። የመጀመሪያዎቹ የመንፈስ ጭንቀታቸውና ሐዘናቸውም ከሁለተኛዎቹ ይልቅ ቀነሰ። ጠጉሩ ግን ከነጭራሹ አልጠፋም፤ 21ዱ ደቂቃ የቀረውም ለእሱ ነው።